ያልጠበቅኳት መርፌ

ሐምሌ 4

ሰፈራችን ባልባላ ዛሬ እሳት ናት። ገና በጠዋቱ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። ጋራዤ በር ላይ ሁለት ታክሲ፣ አንድ የጭነት መኪና... ሁሉም "ኤሲዬ ሞቀ" ባይ።

ዋይስም በዚያች ነጭ ሚኒባሱ መጣ፣ ከዲኪል። እናቱን እማማ ሲራድን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል አድርሶ ነው። በሳምንት ሁለቴ ያመላልሳቸዋል።

"ሮብሌ፣ ይቺ መኪና የኤሲውን ጋዝ የት ነው የምታደርሰው? ባለፈው ሳምንት አይደል የሞላህልኝ?"

"ትጠጣዋለቻ!"

ሳቀ። ሞላሁለት፣ ሄደ። ሃያ ዓመት በርጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የቃምን ሰዎች ነን፤ አይቀየመኝም። ግን ጋዝ አይጠጣም። የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የት?

ሐምሌ 8

እማማ ሲራድ ከሆስፒታል ሲመለሱ ጋራዡ ጎራ አሉ። ከመኪናው አልወረዱም፣ አቅም የላቸውም። እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ ይሄን ቅዝቃዜ አታሳጣኝ። ከእጥበቱ በኋላ ሙቀት ሲነካኝ ልቤ ቀጥ ልትል ትደርሳለች" አሉኝ።

"ለእኔ ይተዉት" አልኳቸው።

ሐምሌ 11

ዋይስ መኪናዋን ጥሎልኝ ወደ እናቱ ሄደ። የቀረውን ጋዝ አወጣሁ። በፓምፕ አየሩን ሁሉ መጥጬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ መርፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ካልተነቃነቀች ቀዳዳ የለም። ከተነቃነቀች አለ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው።

ዐሥር ደቂቃ እንደጠበቅሁ ሰባት ሰዓት ሆነ። ጎረቤቴ ዲሪር ከጎማ ቤቱ ጮኸ። "ጫት ገባ! አንተ፣ መኪናዋን ልታገባት ነው እንዴ?"

ከተማው ሁሉ እየሮጠ ነው። ዞሬ አየኋት... መርፌዋ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብላለች። ሙቀቱ ይሆናል አልኩ። በዚህ ሙቀት ምን የማይነቃነቅ ነገር አለ? ጋዝ ሞላሁ። የፊት ቱቦዎቹን በሳሙና አረፋ ቀባኋቸው፤ የፈላ የለም። በወለሉ ሥር አልፎ ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ አላየሁትም። መሬቱ ይጠብሳል፣ መከለያው ሃያ ብሎን አለው። ሌላ ቀን አየዋለሁ።

ለዋይስ "አልቋል፣ ተሠርቷል" አልኩት። ጫቱ ጥሩ ነበር።

ሐምሌ 15

እማማ ሲራድ አረፉ።

ሐምሌ 16

ዲኪል፣ ለቅሶ ቤት።

ዋይስ ለመጣው ሁሉ ደጋግሞ ይናገራል። ከእጥበት እየመለሳቸው ነበር። ግራን ባራ በረሃማ ሜዳ መሀል ላይ ኤሲው ትኩስ አየር መትፋት ጀመረ። የኋላዎቹ መስኮቶች የሚከፈቱ አይደሉም። "እናቴ፣ ነይ ወደ ፊት" አላቸው፤ መነሳት አቃታቸው። በክሪክ መስታወቱን ሰበረው። የገባው ነፋስ ከውስጡ የባሰ ሆነ። ውሃ አፈሰሰባቸው፣ በጋቢው አራገበላቸው... አልሆነም።

ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። "ሮብሌ ያላደረገው ነገር የለም። ወንድሜ ነው። የአላህ ውሳኔ ነው" አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ለምን ዝም አልኩ? አፍ አልነበረኝም?

ሐምሌ 24

ዋይስ በሌላ ቀን የሚያመላልሳቸው ታማሚዎች መኪና አጥተው ቀሩ፤ እነሱም ሰው ናቸው። ለእነሱ ሲል መኪናዋን አምጥቶ ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ። የተሰበረው መስኮት ላይ ላስቲክ ለጥፎበታል። መቀመጫው ላይ የእማማ ሲራድ መቁጠሪያ አለ። አልነካሁትም።

ከሥሯ ተንጋለልኩ። ጀርባዬ ተጠበሰ፤ ይጠበስ። ሃያውን ብሎን ፈታሁ። ቱቦው ከመያዣው ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሯል። ጨው የሚጭኑት መኪኖች መንገዱ ላይ የሚያንጠባጥቡት ጨዋማ ውሃ ደግሞ በልቶታል። የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋን ዘይት የጠጣ አቧራ። አረፋ ሳስነካት ትንሽ ትንሽ ፈላች።

የተበላውን ቆርጬ በአዲስ ቱቦ ተካሁ። የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት!

ሐምሌ 25

መርፌዋ ፊት ተቀመጥኩ። ጫት ገባ። ዲሪር ጠራኝ፣ "አልቅምም" አልኩት፣ "አመመህ እንዴ?" አለኝ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት... አልተነቃነቀችም። ጋዙን ሞላሁ።

ዋይስ መጣ። ቁልፉን ልሰጠው እጄን ዘረጋሁና እዚያው ቀረሁ።

"ያን ዕለት ፈቀቅ ብላ ነበር" አልኩት።

"ምኗ?"

"መርፌዋ። በዓይኔ አይቻታለሁ። ጫት ገባ ሲሉኝ ተነሳሁ።"

ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

"እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ሙቀቱን ፈርታ ነበር" አለ። "አይዞሽ እናቴ፣ ሮብሌ ሠርቶታል አልኳት።"

ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ሞተሩን አስነሳ፣ መዳፉን አየሩ ላይ አደረገ። "ይቀዘቅዛል" አለ። ለእኔ የተናገረው አይመስለኝም። ሄደ።

ነሐሴ 12

ዋይስ በጋራዡ ፊት አለፈ። አራት ታማሚ ጭኗል። የኋላ መስኮቶቹን ሁሉ በሚከፈት አስቀይሯቸዋል። ኤሲው ይሠራል፣ እኔ አውቃለሁ። መስኮቶቹ ግን አንድ ሳይቀር ክፍት ነበሩ።

እጄን አነሳሁ። አላየኝም... ወይም አይቶኛል።