የእጅ መታጠቢያው ሥዕልና የእህቴ አውራ ጣት

ለክቡር አቶ ሀብተሚካኤል
የአደገኛ ጭነት ስምሪትና ቁጥጥር ማስተባበሪያ ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ ደህና ያያል? የእጅዎ ቆዳስ እንደ ነበረ ነው? ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ልጆቹና ስለ ከብቶቹ ጠይቄው ይበቃ ነበር፤ እርስዎን ስለ ዓይንና ስለ እጅ የምጠይቅዎ ግን ምክንያት ስላለኝ ነው። እግዚአብሔር ሁለቱንም ይጠብቅልዎ፤ ለማንበብና ለመፈረም በቅርቡ ያስፈልጉዎታልና።

ባምላኩ ምናለ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ በር ገብተው መውጫው ስለ ጠፋባቸው ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። ጥር ፲፱ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ቡሬ ፋብሪካዎች የሚሄድ የጭነት መኪና ከከተማችን መውጫ ጠመዝማዛው ላይ ተገልብጦ፣ ነጭ ፍርፋሪ የሞላባቸው ከረጢቶች በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተዘረገፉ። በከረጢቶቹ ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። የነበረው ሥዕል ነው፦ የተዘረጋ እጅና በላዩ የሚንጠባጠብ ጠብታ። በእኔ ሙያ ይህ ሥዕል «ሥጋ ይበላል» ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን እጅና ጠብታ የሚያውቀው በኮሮና ጊዜ በየቀበሌው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ያም «እጅዎን ይታጠቡ» ይል ነበር። ሕዝቡ ያኔ ታዘዘ፤ ዘንድሮም ፍርፋሪውን የመታጠቢያ ነገር ነው ብሎ ታዘዘ። ታዛዥ ሕዝብ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎ።

፪. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ለመብራትና ለውሃ ወራት የምንጠብቅ ሰዎች፣ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፅ ማጉያውን ሰቅላ ስትደርስ ማየታችን ትልቅ ክብር ነው። አዋጁም አጭር ነበር፦ «የፈሰሰው ሶዳ ነው፤ ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ መንገዱን ይልቀቅ!» በጭነቱ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ግን «ኮስቲክ ሶዳ» ነው፤ ኮስቲክ ማለትም ሥጋ የሚበላ ማለት ነው። ፊተኛዋን ቃል ለምን እንደ ዋጣት አዋጁን የለፈፈውን ባለሙያዎን ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ሕዝቡ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው» አለኝ። ሶዳ ማለት በእኛ ቤት ዳቦ የሚነፋ፣ ቦሎቄ የሚያበስል፣ ቃር ሲነሳ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት ነገር ነው። በጎጃም ምድር ሰምና ወርቅ አዲስ አይደለም፤ ሰሙን ለሕዝብ በትኖ ወርቁን ፋይል ውስጥ የቆለፈ ባለቅኔ ግን ከእርስዎ በፊት አልተነሳም።

፫. ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ውቢት፣ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ከገበያ ስትመለስ በዚያ አለፈች። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን ግን አወቀችው። ያም አልበቃትም፤ ጠንቃቃ ናትና ድምፅ ማጉያ የያዘውን ሰውዎን ጠየቀችው፦ «አንተ ልጅ፣ ይኸ ልብስ ያነጣል?» እሱም፣ «እማማ፣ ሶዳ መቼም ያነጣል፤ ብቻ መንገዱን ይልቀቁልን!» አላት። አንድ ጣሳ ሙሉ ይዛ ሄደች። ለአስተርእዮ ማርያም ነጭ ኩታዋን አጥባ ልትወጣ ነበር። ውሃ ስትጨምርበት ያለ እሳት ፈላ፤ ተፈናጥሮም ዓይኖቿን አገኛቸው። ግራው ጠፍቷል። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪም ቀኙ ሊተርፍ እንደሚችል ነግረውናል፤ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት።

፬. ስለ ወረቀቱ ግን የማመሰግንበት ቃል አጣሁ።

በመሥሪያ ቤትዎ ሪፖርት ላይ እህቴ «የተገለበጠ ንብረት ሲዘርፉ በራሳቸው ጥንቃቄ ጉድለት የተጎዱ ግለሰብ» ተብላለች። ይህንንም ተቀብላ ብትፈርም የቀዶ ሕክምናዋን ወጪ የሚያስሸፍን የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላታል፤ ካልፈረመች አይጻፍላትም። ባለሙያዎ ቀለም ይዞ አልጋዋ ድረስ መጣ፤ ምን እንደሚል ሳይነግራትም የቀኝ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫነው። ደጋግሞ ጫነው። ያረፈው ግን መስመር የሌለው ጥቁር ክብ ብቻ ነበር። ሶዳዎ አሻራዋን አጥቦት ነበር፣ ክቡር ሆይ። ለግራ እጇ በማግስቱ ሲመለስ እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ጽሑፉን ቃል በቃል አነበብኩላት። እህቴም፣ «የሰው ገንዘብ ነካሁ ብዬ ከምፈርምስ ይችም የቀረችው ትጥፋ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጲላጦስ እንኳ የታጠበው የራሱን እጅ ነው፤ እርስዎ ግን በእህቴ እጅ ታጠቡ።

እንግዲህ እኔ ሹመት የለኝም፣ ጠመንጃም የለኝም። ያለኝ ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ በእርሱም ሃያ ስምንት ዓመት ስህተት አርሜአለሁ፣ አንድም ጊዜ በልመና ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። ሥዕሉ ያለበት ከረጢት፣ የጭነቱ ዝርዝር ቅጂ፣ አንድ የሰፈራችን ሰው በስልኩ የቀዳው አዋጅዎና ባለሙያዎ ጥሎት የሄደው ያ ጥቁር ክብ ያረፈበት ወረቀት አራቱም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደርሰዋል። ቀጠሮው መጋቢት ፳፪ ነው። ከዚያ በፊት የድጋፉ ደብዳቤ ያለ ፊርማ ይጻፍ፤ «ሲዘርፉ» የምትለዋ ቃልም ትሰረዝ። ይህን ቢያደርጉም ክሱን አላነሳም፤ የእህቴ ዓይን ግን ይተርፋል፤ የቸኮልኩትም ለእርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥልጣንዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ፤ ዕድገትም ሆነ ዝውውር አያምጣብዎ፤ ሌላ ሰው በወንበርዎ ተቀምጦ ጥፋትዎን እንዲወርስ አልፈልግም። የምፈልገው እርስዎን ነው።

ከረጢቱን፣ ቀኑንና እያንዳንዷን ቃል በማይረሳ አክብሮት፣ ጤናዎንም ከልብ እየተመኘሁ፣

የዘራፊ ተብዬዋ ወንድም
ባምላኩ ምናለ፣ የኬሚስትሪ መምህር

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በዚህ ሳምንት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማንንም ስም ሳልጠራ አንድ ጥያቄ አውጥቼ ነበር፦ «ኮስቲክ ሶዳ ሶዳ ተብሎ ቢታወጅና ሰው ቢጎዳ ምክንያቱን አስረዱ፤ ጥፋተኛውንም ለዩ።» ልጅዎ ያምሮት ውሃው ለምን እንደ ፈላ በትክክል አስረድታ፣ በመጨረሻ «ጥፋተኛው የስሙን ግማሽ የደበቀው ነው» ብላ ጽፋለች፤ አሥር ከአሥር ሰጥቻታለሁ። በትምህርት ቤታችን ደንብ የታረመ ፈተና ወላጅ ፈርሞበት ይመለሳል፤ ሰኞ ይዛልዎ ትመጣለች። ከመፈረምዎ በፊት እባክዎ ያንብቡት፤ ለእህቴ ያልተፈቀደላት ይህ ነበርና። እስክሪብቶ ከሌለዎ አውራ ጣትም እንቀበላለን፤ መስመር እስካለው ድረስ።