መደቡ ከፈረሰ ወዲህ

ላሊበላ፣ ጥር 19

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተቆጣሁህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ሱቁስ ደህና ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ሰላምታ ሳያስቀድሙ ቁጣ መጻፍ ነውር ስለሆነ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ደህና ነን። እናታችን «ደህና ነኝ በይልኝ» ብላለች። እሷ ያለችውን ጻፍኩልህ፤ እኔ ያየሁትን ደግሞ ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤውን ይዞልህ የመጣው ሰውአገኝ ነው። ይህ ፎርማንህ ትናንት ከነመዶሻውና ከቀን ሠራተኞቹ ጋር መጥቶ «ማድ ቤቱን አፍርሰን ክፍት ኩሽና እንድንሠራበት ታዘናል፤ ከፋሲካ በኋላ አማቾች ሲመጡ ማለቅ አለበት» አለኝ። የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩት። «እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ? የታዘዝኩትን ነው» አለ። «ያዘዘህ ሰው እዚህ አያድርም፤ እዚህ የምታድረው እናቱ ናት» አልኩት። ሰደበችኝ ካለህ አልዋሸም። ምሳውን አብልቼ ነው የሰደብኩት፤ እሱንም ይንገርህ።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ስትደውል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ እናታችን ጭን ላይ ነው የማስቀምጠው። እሷ እየሰማች የማልናገረው ነገር አለ። እሷ ባትሰማም የማልናገረው ነገር አለ፤ በአባታችን አጥንት አስምላኛለች። መሐላዬን አላፈርስም። ስለዚህ ዕቃው የት እንደነበረና አሁን የት እንዳለ፣ በዚያም የተነሣ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የምጽፍልህ። ቤት ማስዋብ እንጀራህ ነውና ከዕቃ አቀማመጥ ብዙ ነገር ትረዳለህ ብዬ ነው።

ከበሩ በስተቀኝ ጀምሮ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ጓዳው የሚሄደውን የድንጋይና የጭቃ መደብ የሠራው አባታችን ነው። እናታችን በየዓመቱ ገና ሲቃረብ በነጭ አፈር ትለቀልቀው ነበር። በሩን አልፋ ስትገባ ጉልበቷ የመደቡን ጠርዝ እየታከከ ይመራታል። መደቡ የሚታጠፍበት ላይ ሳፋውና የውሃ ጀሪካኑ አሉ። ከዚያ እጇን ዘርጋ ስታደርግ መሀል ምሰሶው ነው፤ ምሰሶው ላይ ነጠላዋ የሚሰቀልበት ምስማር አለ። ከምሰሶው ቀጥሎ ጓዳው። ኅዳር ላይ መጥተህ የሰነበትክ ጊዜ ሽሮ አቅርባልሃለች፣ ጠላ ቀድታልሃለች፤ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ አልወደቀችም። «እማዬ እኮ እንደ ድሮዋ ቀልጣፋ ናት» አልከኝ። እውነትህን ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ቀልጣፋ ነበረች።

መደቡን «ቦታ በላ» ብለህ አፈረስከው። ምሰሶውን «ዕይታ ይጋርዳል» ብለህ አስነቀልከው። በብረት ስለተካኸው ጣሪያው አልወደቀም፤ በእሱ አልከራከርህም። የማንን ዕይታ እንደጋረደ ግን አልነገርከኝም። ወጣ ገባ የነበረውን ወለል ሴራሚክ አለበስከው፤ እሷ እኮ የትኛው ድንጋይ ከበሩ፣ የትኛው ከጓዳው አጠገብ እንደሆነ በእግሯ ነበር የምታውቀው። አሁን ዳሩም መሀሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በካልሲ ሲረግጡት ደግሞ ያንሸራትታል። ክሬሙን ሶፋ ከግድግዳው አርቀህ መሀል ላይ ጣልከው። ከፊቱ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጠርዙ የሚገለበጥ ምንጣፍ፣ ከወዲያ ቡፌ፣ ከወዲህ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ለእሷ ሬዲዮ ነው።

ቆንጆ ቤት የምጠላ አይምሰልህ። መጋረጃውን አብሬህ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የወይራ ቀለሙ ዛሬም ደስ ይለኛል። የምሠራበት ሎጅ ውስጥ ክፍል የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲደነቅ መስማት እወዳለሁ። ግን የሎጅ እንግዳ ጓዙን ይዞ ይሄዳል። ያን ክፍል በልቡ ሊይዘው አይገደድም።

ሥራው እስኪያልቅ እኔ ቤት አቆየናት። ያን ሰሞን ከተቀመጠችበት አትነሣም ነበር። ውሃ እንኳ ስትፈልግ ልጆቼን ነበር የምትልካቸው። ቤቴ ተነካ ብላ ያኮረፈች መስሎኝ አለፍኩት።

ከዚያ ያ ቪዲዮህ መጣ። ስንት ሰው እንዳየው አንተው ነህ የነገርከኝ። እኔም ደጋግሜ አየሁት። ከኋላዋ ሆነህ፣ ሁለት ዓይኖቿን በመዳፍህ ሸፍነህ፣ እየመራህ አስገባሃት። ሳሎኑ መሀል አቁመህ «በይ እማዬ፣ አሁን እዪ!» ብለህ እጅህን አነሣህ። ያን ዕለት እኔም በሩ ላይ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። አሁን ግን ክፈተውና እጅህ ሳይነሣና ከተነሣ በኋላ ፊቷን አስተያየው። ምን ተለወጠ? «ወይ ልጄ፣ እንዴት ያምራል! እግዜር ያክብርህ!» አለች። አገጯ የዞረው ወደ ባዶው ግድግዳ ነው። «እማዬ፣ ወደዚህ፣ ካሜራው በዚህ በኩል ነው» ስትላት ድምፅህን ተከትላ ዞረች። ከሥር የጻፉልህ ሰዎች ደስታው አፍዝዟታል ብለዋል። አንተም የልብ ምልክት አደረግክላቸው።

የሆነውን ያወቅኩት የገና ዋዜማ ነው። እማሆይ ይማርሽ ከብልባላ መጡ። ልጅ ሳለህ ቆሎ ቋጥረው ያመጡልህ የነበሩት መነኩሴ ናቸው። ለልደት ሲመጡ ከመንገደኞቻቸው ጋር ሁልጊዜም የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። እናታችን እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ ታሳድራቸዋለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህን ቀን ነው። ካሜራ ፊት «እናቴ እንግዳ አክባሪ ናት» ያልከው ይህንኑ ነው፤ እንግዳ የሚያድርበትን አፍርሰህ።

እማሆይ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከጂፕሰሙ ኮርኒስ ውስጥ የሚያበራውን መብራትና ሶፋውን አዩና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ልጆች፣ ቤት ስተናል፤ ይኼ ሆቴል ነው» አሉ። አብረዋቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ «ሆቴልማ ቢሆን ዘበኛው እስካሁን ባባረረን» አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሳቄን አፍኜ ልወጣ ስል፣ እናታችን ድምፃቸውን ሰማች። «እማሆይ! ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» ብላ ከሶፋው ተነሣችና ሳፋውን ልታመጣ ሄደች። ሳፋው ወደነበረበት፣ መደቡ ወደሚታጠፍበት፣ በለመደችው ፍጥነት ሄደች። የመስታወቱ ጠረጴዛ ቅልጥሟን አገኘውና ወደቀች። ጠረጴዛው ምን ነካው ስትለኝ ልጆቹ ሰነጠቁት ያልኩህ ውሸቴን ነው።

እማሆይ ከነጫማቸው ዘለው ገብተው አነሷት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰገነት፣ ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏት።

እናታችን «ዝም ይበሉ እማሆይ፣ ልጅቱ አለች» አለች።

ልጅቱ እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ።

የእንግዳ እግር ልታጥብ የተነሣችው ሴት የራሷን እግር ታጠበች። እማሆይ ከቅልጥሟ የሚወርደውን ደም በለብታ ውሃ እያጠቡ «ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» እያሉ ሊያስቋት ሞከሩ። አልሳቀችም። አባታችን በሞተ ጊዜ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ እንደዚያን ቀን አፍራ ግን አይቻት አላውቅም። መንገደኞቹ ሶፋውን እንዳያቆሽሹ ሰግተው ማድ ቤት ገቡ። ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው «እፎይ፣ እዚህ እንኳ አመዱም ያውቀናል» አሉ። እናታችንም አብራቸው ገባች። እነሱ በዓሉን አክብረው ሄዱ፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች።

ማድ ቤቱን አልነካኸውማ። ምድጃው፣ እንስራው፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ መደብ፣ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። እዚያ ውስጥ ቀና ብላ ትሄዳለች። ጠዋት በጓሮ በር ወጥታ፣ የድንጋዩን አጥር ታክካ ቤተ ማርያም ስማ ትመለሳለች። ማንም አይመራትም። ሰውአገኝን ከነመዶሻው የላክህበት ማድ ቤት ይህ ነው።

ለቅልጥሟ ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ እየዳነ ነው። ስለ ሌላው ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ከመሐላዬ ጋር ይዤዋለሁ። «ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ» የሚል ነበረበት። ይህ ለሁለታችንም ነው፤ እኔ እንኳ ሰፈሯ እየኖርኩ አላየሁም። ብቻ እኔ ባላይም ቤቷን አላፈረስኩባትም።

ስታስምለኝ ያለችውን ልንገርህ። «ከሰማ ይወስደኛል። ፎቅ ላይ ያስቀምጠኛል። እዚያ ግድግዳው ሁሉ የሰው ነው» አለች። ስለዚህ ይህን አንብበህ የገባህ ነገር ካለ እንዳልገባህ ሁን። ልትወስዳት እንዳትመጣ። አልቅሰህም እንዳትደውልላት፤ ከድምፅህ ታውቃለች።

ማድ ቤቱ አይፈርስም። ጎረቤታችንን ግንበኛውን ወርቅአገኘሁን መደቡን መልስልን ብዬዋለሁ። ሰዎችህ ድንጋዩን ጓሮ ነው የጣሉት፤ እዚያው አለ። ወርቅአገኘሁ ሳቀብኝ። «ስታፈርሱት ፋሽን ነው አላችሁ፤ አሁን ደግሞ ምንድን ነው ልትሉ ነው?» አለኝ። «አሁንም ፋሽን ነው፤ አዲስ አበባ ገና አልደረሰም» አልኩት። የመስታወቱን ጠረጴዛ አውጥቻለሁ፣ ምንጣፉን ጠቅልያለሁ። ሶፋውን ላክልኝ ካልክ እልክልሃለሁ፤ ካላልክ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ ይቀመጣል፣ ከዚያም ማንም አያንቀሳቅሰውም። ወንበር ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው ማን እንደሚቀመጥበት መሆን ነበረበት። አንተ የጠየቅከው ከየት በኩል ሲቀረጽ እንደሚያምር ነው። የደንበኞችህን ቤት እንደፈለግክ አድርግ፤ ይህኛውን ግን አትንካ። አማቾችህም መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ጋቢ ደራርቤ አነጥፍላቸዋለሁ፣ ወገባቸውን የሚያሳርፉበት ትራስ ከሎጅ አመጣለሁ፣ አያፍሩብህም።

ይህን የምጽፈው እዚያው ማድ ቤት፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። የብዕሩን ድምፅ ስለምትሰማ ደብዳቤው መርዘሙን አውቃዋለች። «ይህን ሁሉ ሰላምታ ነው የምትጽፊለት?» ትለኛለች። «አዎ፣ ናፍቆኛል» አልኳት። «እንግዲያው የእኔንም ምርቃት ጨምሪለት» አለች። ጻፊ ያለችኝን ሳልቀንስ እነሆ፦ ያሰብከው ይሙላ፤ የሠራኸው ይጽና፤ ትዳርህ ይባረክ፤ ወጥተህ ግባ፤ ለወንበሩም እግዜር ይስጥልኝ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት የእጮኛህን ፎቶ በስልኬ ልከህ «ለእማዬ አሳያት» አልከኝ። በባለቤቴ ስልክ እያዋራሃት ነበር። የእኔን ስልክ ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። «ዓይኗ ያምራል፤ ጨዋ ትመስላለች» አለችህ። ሳቅህ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ስትዘጋው ስልኬን መለሰችልኝና «በይ አሁን ንገሪኝ፣ ምን ትመስላለች?» አለችኝ። ከግንባሯ ጀምሬ ነገርኳት። አፍንጫዋን ጠየቀችኝ፣ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጎድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ አሁንም መልሳ ጠየቀችኝ። እኔ መናገር አልችልበትም፤ አልጠገበችም።

ከፋሲካ በኋላ ልጅቷን ስታመጣት ከእናታችን ጎን አስቀምጣት። በጣም ጠጋ አድርገህ፣ እጇ የልጅቷ ፊት ላይ በሚደርስበት።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ታላቅ እህትህ