በጥቁር ሪባን የታሰረው ፎቶሽ

ውድ እህቴ ሁይ-ሱን፣

የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። ቅዳሜ በድራማው ላይ ያንቺ ቀብር ሲታይ፣ ያ ነጭ የውበት ጭምብል ፊቴ ላይ እንደተለጠፈ ከሶፋው ወረድኩና ቴሌቪዥኑ ፊት በለቅሶ ወግ በግንባሬ ተደፍቼ ሰገድኩ። በጥቁር ሪባን ለታሰረው ፎቶሽ! ለሁለተኛው ስግደት ቀና ስል አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ሁይ-ሱን ሞተች እንዴ? በቀደም አይደል ገበያ ጎመን ስትመርጥ ያየኋት?»

«በድራማው ነው እኮ እማዬ።»

«እና ለድራማ ሬሳ ነው የምትሰግጂው? ተነሺ፣ ምንጣፌ ላይ እያንጠባጠብሽ ነው!»

ሳቅኩ። ፎቶውን ደግሜ ሳየው ግን ጭምብሉን ልጬ ተቀመጥኩ። ስትነሺው አብሬሽ ነበርኩ እኮ።

«ደስ ያለው ፊት ያለበት ፎቶ ይዘሽ ነይ አሉኝ፣ ለማስታወቂያ ሳይሆን አይቀርም» ብለሽ ፀጉር ቤት የጎተትሽኝ አንቺ ነሽ። ሮዙን የባህል ቀሚስ፣ ሀንቦክሽን ለብሰሽ፣ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ፈገግ» ሲልሽ፣ «ዕድሜ ልኬን በየድራማው የሰው እናትና የሰው ሠራተኛ ሆኜ ሳለቅስ ኖሬያለሁ፤ አሁን ጥርሴን ቁጠር» አልሽው። ሰውዬው እየሳቀ ካሜራው ተንቀጠቀጠበት።

ለምን እንደተደሰትሽ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጉን የተባለችውን ኦዲተር ሆነሽ ድራማው ውስጥ የገባሽው ለአንድ ትዕይንት ብለሽ ነው። የኩባንያው ሊቀ መንበር የተጭበረበረ ሒሳብ አምጥቶ «ማኅተምሽን አሳርፊበት» ይላታል፤ እሷ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ በቀኝ እጇ ወረቀቱን እየገለጠች፣ በግራዋ ካልኩሌተሩን ሳታየው እየመታች፣ ስርቆቱን ፊቱ ላይ ትደምርለታለች። ከዚያም ማኅተሟን ወደ ከረጢቱ ትመልሳለች። በቃ። ለዚህች ስትይ እውነተኞቹ ኦዲተሮች ቢሮ ሄደሽ፣ ጎናቸው ተቀምጠሽ የእጃቸውን አመታት ተማርሽ። እኛ ቤት ሩዝ ስትበዪ እንኳ ግራ እጅሽ ጠረጴዛውን ይመታል። ባሌ «ቀስ ብላችሁ ብሉ፣ እራታችን ኦዲት እየተደረገ ነው» ይል ነበር።

የድራማው ጽሑፍ እንደ ሁልጊዜው ገጽ በገጽ ነበር የሚመጣው፣ በቀረጻው ቀን ጠዋት። የዚያን ቀኑ ገጽ ለሁሉም ሲታደል ላንቺ አልደረሰሽም። እኔ ለጋዜጣ አምዴ ወሬ ልለቃቅም ቡና ይዤ ጥጉ ላይ ቆሜያለሁ። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ፎቶሽን ተቀበለና፣ ጎንበስ ብሎ ነጭ ፖስታ በሁለት እጁ ዘረጋልሽ።

ያንን ፖስታ የማያውቅ ተዋናይ የለም። በሕይወት እያለ ፎቶው ለቅሶ ቤት ለሚሰቀል ሰው፣ ክፉ እንዳይነካው ገንዘብ ተደርጎበት የሚሰጥ ነው።

«እመቤቴ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት» አለሽ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የእርስዎ ነዋ። አልነገሩዎትም እንዴ?»

የድራማው ኮከብ ዳ-ኦን እየተኳኳለች አንገቷን አሰገገች። «ውይ እትዬ፣ ሲያምር! የአያቴ እንኳ ለቅሶ ላይ እንዲህ ያማረ ፎቶ አልነበረም!»

የሳቀ ነበር። ሰምቻለሁ።

«እንዴት ነው የምሞተው?» አልሽ።

«መኪና ገጭቶዎት» አለ አዘጋጁ ናምጉንግ፣ ስልኩን እየነካካ። «አደጋው አይታይም፣ በወሬ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዛሬ አያስፈልጉንም፤ ቤትዎ ይግቡ።»

«የማኅተሙ ትዕይንትስ?»

«ለዳ-ኦን ሆኗል። ተመልካቹ ወጣት ፊት ነው የሚፈልገው፤ ይሄን ለእርስዎ አልነግርዎትም መቼም።»

አንቺም አመስግነሽ፣ ለሁሉም እጅ ነስተሽ ወጣሽ። እጅ የነሳሽው ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። በማግስቱ ስልክሽን ዘግተሽ ቶንግዮንግ ከተማ የሥጋ እህትሽ ጋ ሄድሽ፤ እኔም ባሕሩን እያየሽ የባሕር ምግብሽን፣ ኦይስተርሽን ብዪ፣ ይረሳሻል ብዬ ተውኩሽ።

ዛሬ ጠዋት ናምጉንግ ደወለልኝ። «አምድሽ ላይ እንዳይወጣ የምለምንሽ ነገር አለ» ብሎ ጀመረ። ዳ-ኦን ካልኩሌተሩን መምታት አቅቷታል። በዚያ ረጅም ጥፍሯ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነው የምትነካካው አለ። ስለዚህ ፊቱ የእሷ ሆኖ፣ ከወንበሩ ጀርባ ሌላ ሰው ተንበርክኮ በእጅጌዋ ክንዱን ያሾልካል።

«ሌላ ሰው ማለት?»

«ሁይ-ሱን ነቻ።»

እህቴ፣ ያልኩትን ብትሰሚ! «ገድላችሁ፣ ቀብራችሁ፣ ደግሞ እጇን ቆርጣችሁ ልትወስዱ? በልመና ብትንበረከኩላት አትመጣም! ኩራት ያላት ሴት ናት!» አልኩት። አማቴ ሳይቀሩ ከወጥ ቤት «ጎሽ!» አሉኝ።



«ማንም አልለመናት» አለ ናምጉንግ። «ልጅቷ እንዳቃታት ሰምታ ራሷ ናት የደወለችው። ትዕይንቱ እንዳይበላሽ ብላ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችን።»

«ምን?»

«እጇ ላይ ያለውን የዕድሜ ነጠብጣብ በደንብ እንድንሸፍንላት። የዳ-ኦን እጅ እንዲመስል።»

ስልኩን ዘጋሁበት። አማቴ «ምን አለሽ?» ሲሉኝ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኳቸው። አምዴ ላይም አይወጣም፤ ለእሱ ብዬ አይደለም።

አትምጪ አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝም። ሐሙስ ግን ቀረጻው ላይ እገኛለሁ፣ ሊቀ መንበሩ ከሚቀመጥበት ወገን። አንቺ ከወንበሩ ጀርባ ተንበርክከሽ ጀርባዋን እንጂ ሌላ አታዪም። እጅሽ ሥራውን ሲሠራ ፊቷ ምን እንደሠራ ሳልቀንስ ሳልጨምር እጽፍልሻለሁ። ካበላሸችው ደስ እያለኝ። ካሳመረችውም፣ እህቴ፣ አልዋሽሽም።

ያንቺው ኦክ-ቦን