እማዬ አልጋህን ይዛለች

ጥቅምት 4

ወንድሜ፣ እማዬ አልጋህን ይዛብሃለች። መጥተህ አስለቅቃት። እኔማ ስንቴ ነገርኳት፣ «እዚሁ ይመቸኛል» ትላለች። የት ይመቻታል... ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዶ ያንተን ቁመት ለምዷል። ከሄድክ ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ሆነህ። እሷ ግን ስተነፍስ ካልሰማች አይሆንላትም።

የትምህርት ቤታችን አማካሪ ዛሬ አስጠራችኝ። ተማሪው «ፈገግ በሉ» የሚላት፣ ታውቃታለህ። የደስተኛ ሰው ልማዶች የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተኛ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተነስ። እንደነቃህ አልጋህን አንጥፍ። ፀሐይ ላይ ተራመድ። በየቀኑ ሦስት ጥሩ ነገር ጻፍ።

«ቲቸር፣ የመጀመሪያውን መዝለል ይቻላል?»

«ዋናው እኮ እሱ ነው።»

እኔ ደግሞ የምፈራው እሱን ነው። አንተ ተኝተህ አይደል የቀረኸው?

ጥቅምት 5

ሦስት ጥሩ ነገር። አንድ፣ ነቃሁ።

ሁለተኛው አልመጣልኝም።

ጥቅምት 8

ሐኪሙ ልቤን በማሽን ካየ ሦስት ሳምንት ሆነ። «ከኔ ልብ ያንተ ይሻላል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እማዬ አላመነችውም። እኔም። አንተስ ምን ነበረብህ? ዋዜማውን ኳስ ስትራገጥ ውለህ፣ የኔን ድርሻ እራት ሁሉ ጠራርገህ አይደል የተኛኸው...

ጥቅምት 10

ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ያን ቀን ጠዋት ሁለቴ ጠራሁህ። ዝም አልክ። ዳቦ ግዛ እንዳትባል የተኛህ ታስመስል የለ? «ቲያትርህን ሥራ» ብዬ ትራሴን ወርውሬብህ ወጣሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መጥተው ጠሩኝ።

ሐኪሙ ያለፍከው ሳይነጋ ነው ብሏል። ቢሆንም... ለምን አልነካሁህም?

ጥቅምት 13

አልጋ ማንጠፉን ለምጃለሁ። መራመዱንም። እንቅልፍ ግን... ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ አሸለብኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ በክርኑ ሲጎሽመኝ ደንግጬ ብድግ አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደረቴን ይዤ ነበር።

ማታ ማታ ዘዴ አለኝ። እማዬ እንድትተኛ ጮክ ብዬ እተነፍሳለሁ፣ አንዳንዴም አንኮራፋለሁ። መኖሬን ሰምታ እንቅልፍ ይውሰዳት ብዬ። ፀጥ ትላለች። ፀጥታዋ ሲረዝም ደግሞ እፈራለሁ። ተነስቼ እጄን አፍንጫዋ ስር አደርጋለሁ።

ጥቅምት 17

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በኩል አለፍኩ። ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። መርፌ ነካ አደረገኝ።»

ጨርቅ ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ። «ነካ አደረገኝ ትላለች እንዴ? ማሽኑ ላይ ተኝታ እኮ ነው። መርፌው ጥፍሯን በስቶ ወጣ። ይቺ ሴትዮ ቤቷ አልጋ የላትም?»

«አንተ ደግሞ ምላስህ አያርፍም።»

«ውሰዳት አንተ ልጅ፣ እጅጌ ነው ብላ እጇን ሳትሰፋው።»

ቦርሳዋን ተቀብያት ወደ ቤት ሄድን። እሷም በኔ የተነሳ አንድ ነገር ብትሆንስ? ማን ይቀረኛል?

ጥቅምት 18

እራት እንደበላን አወጣሁት።

«እማ፣ ወደ ክፍልሽ ተመለሽ።»

«በደንብ ስትተኛ ካየሁ እመለሳለሁ።»

«እንዴት ልተኛ? አንቺ ዝም ስትዪ እኮ ነው የምፈራው።»

«እኔ ዝም የምለው እንድትተኛ ነው። አንተ እያንኮራፋህ ማን ይተኛል?»

«የማንኮራፋው እኮ አንቺ እንድትተኚ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ካንተ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው። «ሌላ ጊዜ አፍንጫዬ ስር ስትመጣ እጅህን ታጠብ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» አለች። ለካ ሁሌም ነቅታ ነበር...

«ብትፈራስ?» አለችኝ።

«እፈራለሁ።»

ከዚያ ትራሷን ብብቷ ስር አድርጋ ሄደች። አሁን ብቻዬን ነኝ።

ጥቅምት 19

ሊነጋጋ ሲል ወስዶኛል መሰለኝ። ስነቃ ፀሐይ ግድግዳው አጋማሽ ደርሳለች። አልጋህ ባዶ። ደረቴን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ይመታል። አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ለበስኩ፣ ቦርሳዬን አነገትኩ።

ቤቱ ጭር ብሏል። እማዬ በዚህ ሰዓት ሥራ መግባት ነበረባት። በሯ ገርበብ እንዳለ ነው።

«እማ።»

ዝም።

«እማ።»

ዝም። የውጭው በር ሁለት እርምጃ ነበር... ትቼው ወደ እሷ ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ትከሻዋን ነካሁት። ይሞቃል።

«ተወኝ ልጄ... ትንሽ ልተኛበት» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ተውኳት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ስፌት ቤቱ ድረስ ሮጬ ለቆራጩ «ዛሬ ታረፍዳለች» አልኩት። «እሰይ፣ ትተኛ» አለ።

ትምህርት ቤት ስደርስ ዘበኛው በሩን ዘግቶ ቆሟል።

«ምነው ጌታው፣ ዛሬ በቀትር?»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

አልዋሸሁትም።