ለእንግዳ የተቃኑት አሥራ ሁለት ችካሎች

ለክቡር አቶ ደመላሽ፣
የወረዳችን የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ ባለፈው ጥቅምት ስለ ተረተራችን እንደፈረሙት ሪፖርት አንዳች ስንጥቅ የማይታይበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ትንሽ የሚሄደው መሬቱ ብቻ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ከቁይ ገበያ ማዶ ባለችው የአምባ ሥር ቀበሌ የችካል ተቆጣጣሪ የሆንሁት እንዳላማው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለሙያዎችዎ መጥተው ከስምንት ቤቶች ራስጌ ባለው ተረተር ላይ አሥራ ሁለት ችካል በአንድ መስመር ተከሉ፤ ከስምንቱ ቤቶች አንዱ የእኔ ነው። ችካሎቹ ከመስመር ከወጡ ተረተሩ እየተንሸራተተ ነው ማለት እንደሆነ፣ ያን ጊዜም ስምንታችንም ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለው ሜዳ እንደምንዛወር ነግረውን፣ በየወሩ እየለካሁ እንድጽፍ ለእኔ ሜትርና መዝገብ ሰጡኝ።

አንደኛ፤ ስለ ትዕግሥትዎ ላመሰግንዎ ይገባል። የመካከሎቹ ችካሎች በመጀመሪያው ክረምት አንድ ክንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ክንድ ያህል ቁልቁል መውረዳቸውን፣ የምንጩ ውሃ መደፍረሱን፣ ትልቁ ወይራ ማዘንበሉን ጠቅሼ አራት ደብዳቤ ብጽፍልዎ፣ አራቱንም ሳይቸኩሉ አስቀምጠውልኛል። ሰው ሁሉ በሚጣደፍበት በዚህ ዘመን እንዲህ የተረጋጋ መሥሪያ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፤ በመጨረሻ የደረሰኝ ደብዳቤ ለግምገማ እንግዶች ስለሚመጡ አካባቢው ለዕይታ እንዲስተካከል፣ ችካሎቹም ቀለም ተቀብተው ቀጥ ብለው እንዲጠብቁ የሚያዝ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ነበር። መንሸራተቱን እንዲናገሩ የተተከሉ ችካሎችን ቀጥ በሉ ብሎ ማዘዝ ለእኔ በጭራሽ አይታሰበኝም ነበር፤ እርስዎ ኃላፊ፣ እኔ ተቆጣጣሪ የሆንነውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል፤ አቤቱታው በእርስዎ ላይ አይደለምና። ችካሎቹን ያቃናሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ደጅ እንደሚጠረገው፣ አጥር እንደሚጠጋገነው ሁሉ፣ ጠማማ ነገር ለእንግዳ ማሳየት ነውር መስሎ ታየኝ። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሬ፣ የወረዱትን እየነቀልሁ ወደ መስመራቸው መልሼ ተከልሁ፣ ቀይ ቀለምም ቀባኋቸው። እንግዶቹ ከዳር ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢያነጣጥሩ አንዱም ዝንፍ አላለም። ደስ ብሏቸው፣ የታረደላቸውን በግ በልተው ተመለሱ። ስጋቱ ዝቅተኛ ተባለ፣ ወደ ሜዳው መዛወራችን ቀረ፣ እኔም የምስክር ወረቀት ተሸለምሁ። እውነተኛው ቁጥር የተጻፈበትን መዝገብ ብብቴ ሥር ይዤ፣ ከሰው እኩል አጨበጨብሁ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥላነሽ ስጋት የለም የሚለውን የምሥራች ብነግራቸው ግንባሬን ስመው አውራ ዶሮ ሰጡኝ። በላሁት። በቃሌ ተማምነው ለልጃቸው ለሙሉሰው ከችካሎቹ ሥር ቤት ሠሩለት፤ ሚስቱ ወንጌላዊት አሁን ወሯ ገብቷል። ከፋሲካ በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ሳምንት ሙሉ ጣለና የዚያ ቤት በር አልዘጋ አለ። ወይዘሮ ጥላነሽ አናጢውን ጌቾን፣ ዓይንህ ጠማማ ነው ብለው በሰው ፊት አዋረዱት። እሱም ጥፋቱ የራሱ መስሎት በሩን ሁለት ጊዜ ነቅሎ ላገው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የተጣመመው ቤቱ እንጂ በሩ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ከሠራሁት ሁሉ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይህ ነው፤ ለዚህ እርስዎም አላዘዙኝም።

እስከዚህ የጻፍሁትን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለስምንቱም ቤት ሰው አነበብሁላቸው። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ በወደድሁ ነበር። ወይዘሮ ጥላነሽ ወደ ጌቾ ዞር ብለው፣ ይቅር በለኝ ልጄ፣ በሩስ ደህና ኑሯል አሉት። እኔን ቀና ብለውም አላዩኝም።

ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መሬቱን የሚመረምር ሰው ይላኩልን፤ ስምንቱ አባወራዎችም፣ አዲስ ቤት የገቡት እነሙሉሰውም፣ ዝናቡ ሳይጠና ወደ ሜዳው ይውጡ። መዝገቡን ከነእውነተኛው ቁጥር እኔው ይዤ እቀርባለሁ፤ የሚገባኝ ቅጣት ካለም እዚያው እቀበላለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ችካሎቹን አልነካኋቸውምና ቀጥ ብለው ስለማይጠብቁዎት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በግም አልታሰበም።

ሲታዘዝ ገመድ የወጠረ፣ ሲጠየቅ ያጨበጨበ፣
ፊቱን የት እንደሚያኖር የጠፋው አክባሪዎ፣
እንዳላማው

ግልባጭ፦
ለአናጢው ለጌቾ፣ ከይቅርታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሸለሙኝን የምስክር ወረቀት በመስተዋት አስገብቼ፣ የቤቴ ግድግዳ የተሰነጠቀበትን ቦታ እንዲሸፍንልኝ ሰቅየው ነበር። አሁን ስንጥቁ በግራም በቀኝም አልፎት ወጥቷል። ሰፋ ያለ ካለዎት፣ እባክዎ ዝናቡ ሳይገባ ይላኩልኝ።