ስለጠበቁን እናመሰግናለን

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ከወንበር የምትነሺው ጠረጴዛውን ተደግፈሽ ነው? አከራይሽ፣ የግቢው ልጆች፣ ያች ነገረኛ ጎረቤትሽም ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ልብሴንም በጊዜ አጥባለሁ፤ ይህን ያስቀደምኩት መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ሰሞኑን ስትደውዪልኝ ቶሎ ቶሎ የምዘጋብሽ ጠግቤ እንዳይመስልሽ። ባለፈው "ሴት አገኘህ መሰለኝ" ብለሽ ስትስቂ አብሬሽ ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ድምፅሽን ስሰማ ጆሮዬ ሳላዘው ሥራውን ይጀምራል። "የደከመ" ይላል። "ደስተኛ ለመምሰል የሚጥር" ይላል። ሰው የገዛ ሰውን እንደሚሰማ አድርጎ መስማት አቃተኝ። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ለዚያ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የመልቀቂያ ፈተናውን ጨርሼ፣ ውጤት እስኪመጣ ጋደም ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣ ማስታወቂያውን ከስልክሽ ላይ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች፣ ኮምፒውተር የሚችሉ፣ ቋንቋቸውን አሳምረው የሚያውቁ ይፈለጋሉ ይላል። እኔ ኮምፒውተር የማውቀው ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱን ለሦስት እየተጋፋንበት ነው። ቢሆንም ተቀበሉኝ። አንቺም ለግቢው ሁሉ "ቴክኖሎጂ ገባ" ብለሽ አወራሽ። አከራይሽ ቴሌቪዥናቸው ሲበላሽባቸው "ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?" ማለታቸውን የነገርሽኝ ቀን እንዴት እንደሳቅሁ ታስታውሺያለሽ።

ሥራውን ግን በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ፎቅ ላይ አንድ ረጅም ክፍል አለ፤ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታርፍ መስኮቶቹ በወረቀት ተሸፍነዋል። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ አብዛኞቻችን ዓምና የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበስን ነን። የሰው የስልክ ንግግር ተቀድቶ ይመጣልናል። የተባለውን ቃል በቃል እንጽፋለን፤ ከዚያ ድምፁ የተቆጣ ይሁን፣ የፈራ ይሁን፣ የተረጋጋ ይሁን በየዓረፍተ ነገሩ ምልክት እናደርጋለን። ማሽኑ የእኛን ምልክት እያየ የሰውን አነጋገር ይማራል። አለቃችንን "ጆሮ" ነው የምንለው፤ ከኋላችን እየተንጎራደደ ያመለጠችንን አንዲት "እ" እንኳ አያልፋትም። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ እሠራ ነበር። ጆሮ አንድ ቀን በሁሉም ፊት፣ "ይሄ ልጅ ሰው ሲናገር ብቻ ሳይሆን ዝም ሲልም ይሰማል" አለ። ያችን ቃሉን እንደ ሽልማት ይዣት ቤቴ ገባሁ።

አንድ ጠዋት አዲስ ሥራ መጣ። የውኃ አገልግሎት የደንበኞች ጥሪ ነው ከማለት በቀር የየት ከተማ እንደሆነ አልነገሩንም። ከፈትኩት። አንድ ሰውዬ ቧንቧው መድረቁን ተናግሮ ሳይጨርስ ስድብ ጀመረ። ከዚያ፣ እትዬ፣ አንቺ መለስሽለት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ በክርኔ ጎሸም አድርጌ ማዳመጫዬን ሰጠኋት። እህቴ ናት አልኳት። ሰምታ፣ ትዕግሥትሽን አደነቀችልኝ። ኮራሁብሽ። ኩራቱ ግን እስከ ምሳ እንኳ አልዘለቀም። "ደደብ" ያለሽን ጻፍኩ፤ ቃል በቃል ነዋ ሥራው። "ባል ስለሌለሽ ነው ሰው ላይ የምትጮኺው" ያለችሽን ሴትዮ ጻፍኩ፤ አንቺ ጭራሽ አልጮኽሽባትም ነበር። ያኔ አብረን ስንኖር ከሥራ ስትመለሺ እንዴት ዋልሽ ስልሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ማንሳት ምን ሥራ አለው ትዪኝ ነበር። ያን ሁሉ ሆድሽ ውስጥ ቆልፈሽ ነው ለካ እራቴን የምታቀርቢልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እወቂ። ደንበኛውን አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ ብለሽ ስታቆዪው እሱ ሙዚቃ ይሰማል፤ እናንተ ደግሞ ማንም የማይሰማችሁ ይመስላችኋል። መቅረጫው ግን አይቆምም። ስለ ጫማ የምታወሩት፣ በአለቃችሁ መላጣ የምትስቁት፣ ማዛጋታችሁ ሳይቀር እዚህ ይደርሳል። "ከሥራ ውጭ ንግግር" ብለን እንዘለዋለን። የሌላውን ሁሉ እዘለዋለሁ። የአንቺን ግን መዝለል አልሆነልኝም።

እኔ ለሥራ ወደዚህ ከተማ የመጣሁበት ቀን ቅጂም ነበር። ከመናኸሪያ ሸኝተሽኝ በቀጥታ ሥራ ገብተሽ ኖሯል። የደወሉት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የቆጣሪያቸውን ቁጥር እስክትፈልጊ አስጠበቅሻቸው። ያች ድምፀ ሻካራዋ ባልደረባሽ ሄደልሽ ወይ አለችሽ። ሄደ አልሽ። ነገርሽው ወይ አለችሽ። የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስትነኪ ብቻ ይሰማል። አሁን እናትሽ የሉ፣ አባትሽ የሉ፣ ማንን ነው የምትፈሪው ብላ ተቆጣችሽ። አንቺ የመለስሽላትን ደጋግሜ ስለሰማሁት አንድ ፊደል አልስትም።

"ለእናቴ ምያለሁ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብሎ 'ደህና ሁኚ እትዬ' አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ እትዬ እንዳለኝ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን ብቻ እንኳ…"

መስመሩ ተከፈተ።

"ስለጠበቁን እናመሰግናለን፣ እናቴ፤ ቁጥርዎን አግኝቼዋለሁ" አልሻቸው። ያው ጉሮሮ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ለካ ጆሮ ከኋላዬ ቆሟል። ምን ምልክት አደረግህ አለኝ። የተረጋጋ፣ አልኩት።

ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ምለሻል፤ መሐላሽን እኔ አላስፈርስሽም። በአባት በኩል ማን እንዳለም አልጠይቅሽም። ብቻ፣ ልጅ ሆኜ ያየሁት ሁሉ አሁን ቦታ ቦታውን ያዘ። ትኩሳት ይዞኝ ደረትሽ ላይ ስታስተኚኝ እማዬ "ስጪኝ፣ ሰው ያያል" እያለች ከእጅሽ ትነጥቀኝ ነበር። እህት ወንድሟን ታቅፋ ብትታይ ምን ነውር አለው እል ነበር በልቤ። ያ ደጉ መምህር ላግባሽ ሲልሽ ልጁን ትቼ የት እሄዳለሁ ብለሽ እምቢ ያልሽው ትዝ ይልሻል? ከበር ኋላ ሆኜ ሰምቼ በደስታ ዘለልኩ። ምን እንደከፈልሽ የሚያውቅ ሰው እንዲያ አይዘልም።

አሁን የምነግርሽ ግን የኔው ጉድ ነው። ጆሮ ቅጂዎችሽን ለበላይ አለቆች አሰማ። እነሱም እንዲህ የምትናገር ማሽን ነው የምንፈልገው አሉ። ጥሪዎችሽ ሁሉ ተሰብስበው ለኔ ተሰጡ። የት እንደምትተነፍሺ፣ ሲሰድቡሽ ድምፅሽን የት ላይ ዝቅ እንደምታደርጊ፣ ይቅርታ ስትዪ የትኛዋ ፊደል ላይ እንደምትለሰልሺ አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁ። ሳላውቅ ነው አልልሽም። ማሽኑ ሲያልቅ ስልክ የሚያነሱት ሴቶች ምን ይሆናሉ ብዬ ጆሮን ጠይቄዋለሁ፤ እሱ የኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም አለኝ። እህቴ መሆንሽን ነግሬ ሌላ ሥራ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "እንግዲያማ ካንተ የተሻለ ማን ይሰማታል?" አለኝ።

ጥዬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። እኔ ብለቅ ያንን ዝምታሽን የማያውቅሽ ሰው ይሰማዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ከፈለግሽ፣ ያ የተቋረጠው ነገር ሌላ ቀን፣ ሌላ ጥሪ መሐል ተጨርሶ አገኘዋለሁ ብዬ ነው የቆየሁት። ሁሉንም ሰማሁ። አላገኘሁትም። ፍለጋዬ ግን ማሽኑን አሳምሮ አስተማረው።

ባለፈው ወር ደውለሽ ሁላችሁንም እንዳሰናበቷችሁ፣ በቦታችሁ ማሽን እንደገባ ነገርሽኝ። ምን ዓይነት ማሽን ብዬ ጠየቅሁሽ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ። "አንተ ነህ እንጂ ቴክኖሎጂው፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?" ብለሽ ቀለድሽ። ቀጥለሽም አይዞህ፣ እኔም ወገቤን ላሳርፈው አልሽኝ። አጽናኚውም ተጽናኙም ተገላበጠ፣ እትዬ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ የሄድሽበት ቢሮ ሁሉ ስልክ የሚያነሳ ሰው አንፈልግም እያለ እንደመለሰሽ ሰምቻለሁ። የነገረችኝ ያች ነገረኛ ጎረቤትሽ ናት፤ ለአንዴ ነገሯ ጠቀመ። አንቺ ግን አሁንም አከራይሽ ፊት ልጁ አለልኝ እያልሽ ትኮሪብኛለሽ አሉ።

ወደ ውኃ አገልግሎቱ ደወልኩ። ማሽኗ ወዲያው አነሳችው። ድምፁ ያንቺ አይደለም፤ አነጋገሩ ግን ያንቺ ነው። ቧንቧዬ ደረቀ ብዬ ዋሸኋት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሰደብኳት። አንቺ ዝቅ በምትዪበት፣ እኔም ምልክት ባደረግሁበት ቦታ ላይ ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ አለች፤ ሙዚቃው ገባ። ጠበቅሁ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከሙዚቃው ጀርባ ማንም የለም፣ እትዬ። ስለጠበቁን ብላ ስትጀምር ዘጋሁባት።

እኛንም በቅርቡ ሊያሰናብቱን ነው ይባላል፤ ማሽኑ ከእንግዲህ ራሱን በራሱ ይመዝናል አሉ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ከአሁኑ ታለቅሳለች። እኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ገና ልጅ ነህ፣ ሌላ ሥራ ታገኛለህ ይሉኛል። ገና ሲጀምር ያለቀለትን ሰው ምን ሌላ ይጠብቀዋል? የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ባንቺ ላይ ተማርኩት።

እመጣለሁ ብዬ አልዋሽሽም። በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ? ልቤ ግን ካንቺ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ውጭ መሄጃም የለው። ለጊዜው አትደውዪልኝ። ከቻልሽ ጻፊልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ ግራ ከገባሽ አትጀምሪ፣ አልቀየምሽም።

ወገብሽን ይማርልሽ። የሰው ክፉ ቃል ከእንግዲህ ጆሮሽ አይድረስ። የዋልሽልኝን እኔ መክፈል አልቻልኩምና የማያልቅበት ይክፈልሽ። ክፉሽን አያሰማኝ፤ እኔ ያሰማሁሽ ይበቃል።

ልጅሽ