አልነሳ ያለችው ቀይ መኪና

ጥር 9

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ መኪናዋ አልነሳም አለች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል... አይቀጣጠልም። ትናንት እንደ ነብር ስትሮጥ ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ «አባቴ፣ ይቺ እኮ ሙሽራ ናት» ነበር ያለኝ። የአሥራ አራት ዓመት ሙሽራ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድም ሰው ሳልገጭ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለራሴ የገዛሁት ይቺኑ ቀይ ስፖርት መኪና ነው። እሷም ሦስት ወር አልቆየችልኝም።

ባለቤቴ ሻይዋን ጠጣች።

ጥር 10

ባትሪውን ለካሁ። ሙሉ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ። እሳት ይሰጣሉ። ታዲያ ምን ሆነች?

ጓንትን ጠራሁት። የአውቶቡስ ጋራዡ መካኒክ ነው፣ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። ጓንት አድርጎ ስለማያውቅ ነው ጓንት የምንለው። ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። ቆመ...

«ምን አገኘህ?»

«እንጃ። ጊዜ ይፈልጋል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ምን አስቸኮለህ? የምትደርስበት አለ?»

ደሜ ፈላ። ጡረተኛ መድረሻ የለውም ማለቱ ነው?

ጥር 12

አልተነሳችም።

ጥር 13

ጓንት ደግሞ መጣ። ቁልፉን አዞረ፣ አዳመጠ፣ እጁን ጠረገ። አበቃ። በቆመችበት ዋዜማ፣ ማታ፣ «ዘይቷን ልይልህ» ብሎ የነካካት ማን ሆነና?

«አንተ ነህ ያበላሸሃት። እጅህ አርጅቷል» አልኩት።

ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ባለቤቴ በመስኮት ስታየን ነበር። «ለምን ትሰድበዋለህ?»

«አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» በሩን ወርውሬ ዘጋሁት።

ጥር 15

ቁልፉን ስከፍት ከኋላ የቤንዚን ፓምፑ እዝዝ ማለት አለበት። ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ። ዝም። ይህን ቀደም ብዬ ለምን አላሰብኩም? የፊውዝ ሳጥኑን ከፈትኩ። የፓምፑ ቦታ ባዶ።

የተቃጠለ አይደለም። ባዶ። ፊውዝ ይቃጠላል እንጂ አይሰደድም። ሰው ነው ያወጣው።

«ያ ሌባ ፊውዜን ወስዷል» እያልኩ ስልኬን ልፈልግ ገባሁ። ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«እኔ ነኝ አውጣልኝ ያልኩት።»

«ምን?»

«ከእህቴ ቤት ስንመለስ መብራት ጣስክ። መንገድ የምታቋርጠው ሴትዮ ወደ ኋላ ባትዘል ኖሮ... እኔ ጮህኩ። አንተ ‹ምን ሆንሽ?› አልከኝ።»

ማለቴን አስታውሳለሁ። አለመመለሷንም። ሴትዮ ግን... የቷ ሴትዮ?

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የግቢውን በር የገጨህ ቀን ብነግርህ ሳምንት አኮረፍክ።»

ከኋላዬ ተመካከሩብኝ። በገዛ ቤቴ። ሚስቴና ጓደኛዬ። ምሳ አልበላሁም።

ጥር 16

አላናገርኳትም። እሷም አላባበለችኝም።

ጥር 19

የዓይን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደህና መሆኔን በወረቀት አስጽፌ ፊታቸው ላይ ልወረውረው ነበር።

አገጬን ማሽን ላይ አስደገፉኝ። «መሐሉን እያዩ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ» አሉኝ። ጠበቅኩ። አንድ ብልጭ አለ። ብዙ ጠበቅኩ... አንድ ሌላ። እስኪጨርሱ ተናድጄ ነበር።

«ማሽናችሁ ተበላሽቷል» አልኳት ሐኪሟን።

«ማሽኑ ደህና ነው፣ አባባ።»

ወረቀቱን አሳየችኝ። መሐሉ ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር። የዳር እይታ ቀስ በቀስ ስለሚሄድ ሰው አያውቀውም አለች። የሄደው አይመለስም፣ ያዘዘችልኝ የዓይን ጠብታ የቀረውን ያቆይልኛል። መንዳት ግን በቃ።

ስወጣ ከአንድ ጎረምሳ ትከሻ ጋር ተላተምኩ። «አታይም እንዴ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እለቀው ነበር? መንገዴን ቀጠልኩ።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ አጠፈችው። «አልኩህ አይደል» አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። ማንን ልቆጣ አሁን?

ጥር 21

ለጓንት ደወልኩለት።

«ያን ቀን እጅህ አርጅቷል ያልኩህ...»

«እውነትህን ነው፣ አርጅቷል።»

«ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትናከሳለሃ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ንዴቴም አልወጣልኝም። ሁለቱ አብረው።

ጥር 26

ጓንት ፊውዙን ይዞ መጣ። መልሶ ሰካውና መሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ በቀኝ። ባለቤቴ ጉልበቷን አጥፋ ከኋላ። መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። ያ ድምፅ... አንጀቴን በላኝ።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ምን ታደርጋለህ? እንደ ውሃ ቦቴ አትንዳት» እያልኩ ጨቀጨቅኩት። እግሬ ባዶውን ወለል ይረግጣል።

ማዞሪያው ጋ ድንገት ፍሬን ያዘ። ደረቴ ከቀበቶው ጋር ተላተመ። ልሰድበው አፌን ስከፍት አንድ ባለ ብስክሌት ከፊታችን እያለፈ ነው። ከቀኝ ነው የመጣው፣ ከእኔ በኩል።

«አየኸው?» አለኝ ጓንት።

ባለቤቴ ከኋላ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«አላየሁትም» አልኩ።